ቃል ከፊርማ ይቅደም፦ ተራርቀን ለምንሠራ የአዊ የሥራ ባልደረቦች ማኒፌስቶ

እኛ አብረን የምንሠራ፣ ግን አንድ ጣሪያ ሥር የማንውል ሰዎች ነን። አንዳችን እንጅባራ በዞን መምሪያ ተቀምጠን እናቅዳለን። ሌላችን ዳንግላ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ዕቅዱን ተቀብለን ለቀበሌ እናወርዳለን። ሥራው መሬት የሚነካው ደግሞ ከሁለቱም ከተሞች ርቆ፣ በባንጃ ደጋም ይሁን በጃዊ ቆላ፣ ከቤት ቤትና ከማሳ ማሳ በሚዞሩ ባልደረቦቻችን እጅ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቤታቸው እዚህ ሆኖ አሠሪያቸው ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ የሆነ ወጣቶችም ተጨምረዋል። ስማችን በአንድ መዋቅር ላይ ይጻፍ እንጂ የሚያገናኘን መንገድ፣ ስልክና ወረቀት ነው።

የምንለው አንድ ነገር ነው። ተራርቆ የሚሠራ ቡድን የሚቆመው በመተማመን ነው፤ መተማመን የሚገነባው ደግሞ ሰውየውን ወንበሩ ላይ በማየት ሳይሆን የገባውን ቃል ሲፈጽም በማየት ነው። ቢሮዎቻችን እስከ ዛሬ የሚቆጥሩት ግን ወንበሩን ነው። ይህን ልማድ ለመለወጥ ተነስተናል።

ድሮም የተበተንን ነን

ኮሮና አገራችን መግባቱ በተነገረ በ12 ቀኑ፣ መጋቢት 16 ቀን 2012 ዓ.ም፣ አብዛኞቹ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተወሰነ። ሠራተኛን ሳያዩ እንዴት ማሠራት ይቻላል የሚለው ጥያቄ ያኔ ለብዙ አለቆች እንግዳ ነበር። ለእኛ ዞን ግን እንግዳ ሊሆን አይገባውም ነበር። ግማሽ ቀን ቢሮ ግማሽ ቀን ውጭ፣ ዛሬ ጠረጴዛ ነገ መስክ፣ ዛሬ ስብሰባ ነገ ስልክ የሚባለው፣ ከተሜው «ሃይብሪድ» እያለ የሚጠራው አሠራር፣ እኛ ዘንድ ሲሠራበት ኖሯል።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ፣ ከሥራ ጊዜያቸውም ሦስት አራተኛውን ያህል ከጤና ኬላው ወጥተው በየቤቱ እንዲያሳልፉ ታስቦ ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ እነዚህን ሴቶች በየቀኑ ሊያያቸው አይችልም። የሚያውቃቸው ክትባቱን በጨረሰ ሕፃን፣ ጤና ጣቢያ መጥታ በወለደች እናት፣ ተሞልቶ በተቀመጠ የቤተሰብ ፎልደር ነው። የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎቹም ዋና ቢሯቸው ማሳው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወረዳኔት ሲዘረጋ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በቪዲዮ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ዙም ገና አልተፈጠረም ነበር።

ከዚያም ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። እንግሊዛዊው ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ ቆንስል ሆኖ ተቀምጧል። ጣናን ዙሪያውን፣ ዓባይን በሸለቆው እየተከተለ ካርታ አነሳ፤ ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አሳተመ። ቆንስላው እዚያ የቆመው እንግሊዞች በዓባይ ውሃ ላይ ለነበራቸው ጥቅም መሆኑን አንዘነጋም። ከዚህ ማኒፌስቶ ጋር የሚያገናኘው ግን ይህ ነው፦ ለንደን የተቀመጡ አለቆች ዳንግላ ያለ ባልደረባቸው ጠዋት ስንት ሰዓት እንደገባ ሊያዩ አይችሉም ነበር። የሚመዝኑት በሚልከው ሥራ ነበር። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ በበቅሎና በደብዳቤ ዘመን የተቻለ ነገር፣ ስልክ በየኪሱ ባለበት ዘመን ከእንጅባራ ዳንግላ፣ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ላይ የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም።

የተቆጠረውና ያልተቆጠረው

የመሥሪያ ቤቶቻችንን የሰዓት ፊርማ መዝገብ እናውቀዋለን። ጠዋት 2፡30 ላይ ፈርሞ ቀኑን ሻይ ቤት የሚያሳልፍ ሰው በመዝገቡ ላይ ምሉዕ ነው። ገና ሳይነጋ ተነስታ ሩቅ ጎጥ ድረስ በእግሯ ሄዳ ሕፃናት ስትከትብ የዋለች ባልደረባችን ግን ስላልፈረመች «ቀሪ» ተብላ ትጻፋለች። በሚቀጥለው ሳምንት ማስረጃ አምጪ ትባላለች። ማስረጃውን ለማምጣት ሌላ የሥራ ቀን ታቃጥላለች። ይህ የአንድ ቢሮ ገመና አይደለም፤ በብዙ ቦታ ያየነውና እንደ ተፈጥሮ ሕግ የተቀበልነው ነገር ነው።

ለውጥ ያልተሞከረ ሆኖ አይደለም። የሥራ ሂደትን እለውጣለሁ ያለው ቢፒአር መጣ፣ ሥራን በነጥብ የሚመዝነው ቢኤስሲ መጣ፣ ሠራተኛን በትንንሽ ቡድን ያደራጀው አንድ ለአምስት መጣ። ቢፒአር ሥራን በውጤቱ እንለካ ሲል ትክክለኛ ጥያቄ አንስቶ ነበር፤ ይህን ልንክድ አንፈልግም። ቢኤስሲም ግብን ከግብ አያይዞ ለማሳየት የታሰበ ነበር። ቀበሌ ሲደርሱ ግን ሁለቱም የሚሞላ ቅጽ ሆኑ። ሰው ነጥቡን ለማሟላት ጻፈ፣ ኃላፊው ላለመጣላት ሁሉንም በተቀራራቢ ነጥብ ሞላ፣ ወረቀቱ መዝገብ ቤት ገባ። አንድ ለአምስት ደግሞ ብዙዎች መረዳጃ ሳይሆን መከታተያ ሆኖ ስለተሰማቸው በአምስቱ መካከል የነበረውን ወዳጅነት እንኳ አቀዘቀዘው። ግምገማውም እንዲሁ። ሰው ስህተቱን ራሱ እንዲያወጣ የታሰበው መድረክ፣ ስህተቱን ያወጣ ሰው የሚመታበት ሆኖ በታየ ጊዜ፣ ሁሉም ዝም ማለትን ተማረ።

ዝምታ ደግሞ ተራርቆ ለሚሠራ ቡድን ገዳይ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ዝም ቢል ፊቱ ይናገራል። ጃዊ ያለ ሰው ዝም ካለ ክትባቱ መበላሸቱን፣ ማዳበሪያው አለመድረሱን፣ እሱ ራሱ መታመሙን እንጅባራ የሚያውቀው ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ጥርጣሬው የእኛ ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2022 በ11 አገሮች 20 ሺህ ሰዎችን አስጠይቆ ነበር። ከሠራተኞቹ 87 በመቶ የሚሆኑት ሥራችንን በሚገባ እየሠራን ነው አሉ። የቡድናቸውን ሥራ በሙሉ ልብ እንደሚያምኑ የተናገሩት አለቆች ግን 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ሁለት ቁጥር መካከል ያለውን ገደል የሚሞላ ቅጽ እስካሁን አልተሠራም።

ሞክረው ያዩም አሉ። የስታንፎርዱ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ትሪፕ ዶት ኮም በተባለው፣ ሻንጋይ በሚገኘው የቻይና የጉዞ ኩባንያ 1,612 ሠራተኞች ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ ታትሟል። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤታቸው እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው የሥራ ውጤታቸው አልወረደም፣ እድገታቸውም አልተጓተተም፤ ሥራ የሚለቀው ሰው ግን በሲሶ ቀነሰ። ሻንጋይ እንጅባራ አይደለም፤ መብራቱም፣ ኔትወርኩም፣ ደመወዙም ይለያያል። እኛን የያዘን ሌላ ነገር ነው። ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ሥራ ይበደላል ብለው የሰጉ አለቆች ሲያበቃ ሐሳባቸውን ቀይረው ተገኙ። የቀየራቸው ሞክረው ማየታቸው ነው። እኛም መሪዎቻችንን በስብከት ልናሳምን አልተነሳንም፤ እንዲሞክሩ ነው የምንጠይቀው።

የቅርቡ ሲጠቀም የሩቁ ሲረሳ

በቅርቡና በሩቁ ባልደረባ መካከል ባለው ልዩነት ላይ ትንሽ መቆየት እንፈልጋለን፤ ቡድን የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነውና።

የኤምአይቲው ቶማስ አለን እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው መጽሐፍ የመሐንዲሶችን የሥራ ንግግር ከጠረጴዛቸው ርቀት ጋር አነጻጽሮ ነበር። ሁለት ሰዎች 30 ሜትር ያህል ከተራራቁ በኋላ ስለ ሥራ የሚነጋገሩበት ዕድል እጅግ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ርቀት የሚጨምረው ለውጥ ጥቂት ነው። ይህ ማለት ፎቅና ምድር ላይ ያሉ ሰዎችም ከእንጅባራና ከዳንግላ ሰዎች ባልተናነሰ ሊረሳሱ ይችላሉ ማለት ነው። ሳናስበው የምናነጋግረው አጠገባችን ያለውን ነው። የራቀውን ለማነጋገር መወሰን ያስፈልጋል።

ይህ ውሳኔ ሲጓደል ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። ሥልጠና ሲመጣ ስሙ ቶሎ የሚታወሰው ከኃላፊው በር አጠገብ የሚቀመጠው ነው። ውሎ አበል ያለው ጉዞ፣ አዲስ ላፕቶፕ፣ የትምህርት ዕድል፣ «እስቲ አንተ ሂድ» የሚለው አጭር ትእዛዝ፣ ሁሉም ለቅርቡ ይደርሳል። ለሩቁ የሚደርሰው «ሪፖርት አስቸኳይ ይላክ» የሚል መልእክት ነው። ሪፖርቱንም ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ክፍል፣ ከነገ ወዲያ ፋይሉ ስለጠፋ እንደገና ይልካል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ሰው ወይ ቅያሪ ይጠይቃል፣ ወይ ልቡ ቀድሞ ይሄድና አካሉ ብቻ ይቀራል። ያኔ «ቀበሌ ያሉት አይሠሩም» እንባባላለን። ጥርጣሬውን ራሳችን ዘርተን ራሳችን እንሰበስበዋለን።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ፍትሕን እንጠይቃለን። የሥልጠና፣ የጉዞና የእድገት ዕድል ዝርዝር በየሩብ ዓመቱ ለሁሉም ባልደረባ ይገለጥ። ማን ምን አገኘ፣ በምን መስፈርት አገኘ የሚለውን ጃዊ ያለው ሰው እንጅባራ ካለው እኩል ይወቅ። ዝርዝሩ ሲገለጥ የሚያፍር ኃላፊ ካለ፣ የሚያሳፍረው ነገር ከመገለጡ በፊትም ነበረ።

አያቶቻችን ያለ ቢሮ ያደራጁት

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም ተመሠረተ። አባላቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ በሰባት ቤት አገው ምድር ተበትነው የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሱን ሸልሞ ለአድዋ ዘማቾች መታሰቢያ የሚወጣውን ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያመጣው የሰዓት ፊርማ መዝገብ አይደለም። በቀሩት የዓመቱ ቀናት ደግሞ በሠርጉም በለቅሶውም ፈረሰኛው ለባልንጀራው ይደርሳል። ማኅበሩ በበዓል ቀን የሚያምረው በሌላ ቀን ስለሚደራረስ ነው። መገናኘት ጥር 23 ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰማንያ ዓመት ባልዘለቀ ነበር ብለን እናምናለን።

የበለጠ የሚያስተምረን ግን ወንፈል ነው። በወንፈል ዛሬ ያንተ ማሳ ይታረማል፣ ነገ የእኔ። ቀኑ በቀን ይመለሳል። መምጣት ያልቻለ ልጁን ወይም ሌላ ሰው ይልካል፤ ዝም ብሎ አይቀርም። የማን ወረፋ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሥራው ሜዳ ላይ የተገለጠ ስለሆነ ማን እንደሠራ፣ ማን እንደለገመ ተቆጣጣሪ ሳይቀጠር ይታያል። ዕዳውን ያልመለሰ ሰው በእስር ቤት አይቀጣም፤ በሚቀጥለው ክረምት የሚያርምለት ያጣል። ሥራን መግለጥ፣ ወረፋን ማወቅ፣ ሲያቅት ቀድሞ መናገር፣ ብድርን መመለስ፦ የሩቅ ቡድን የሚፈልገው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ገበሬ ወላጆቻችን ይህን እያደረጉ አሳደጉን፤ ተምረን ቢሮ ስንገባ ግን በቁልፍ የሚዘጋ መሳቢያ ተሰጠን።

ቃላችን

እያንዳንዳችን ሰኞ ሰኞ፣ በሳምንቱ የምንጨርሰውን ሥራ ከሦስት ባልበለጠ ቁጥር ለባልደረቦቻችን እንናገራለን። «ጥረት አደርጋለሁ» የሚል ነገር አንጽፍም። «የአራት ጎጥ የምዝገባ ዝርዝር እስከ ዓርብ አስገባለሁ» እንላለን። ዓርብ ላይ የተፈጸመውንና ያልተፈጸመውን በዚያው ቦታ እናሳውቃለን። የማይደርስ መሆኑን ረቡዕ ያወቀ ሰው ረቡዕ ይናገር። ቀድሞ የተናገረ አይወቀስም፤ ይታገዛል። ይህን የሚጥስ ኃላፊ ከኖረ ሙሉው አሠራር በአንድ ቀን ይፈርሳል፤ አንድ ጊዜ እውነቱን ተናግሮ የተመታ ሰው ሁለተኛ አይናገርምና።

የሥራ ሰነድ የግል አይሆንም። ዳንግላ ያለው የላከውን እንጅባራ ያለው ሁሉ የሚያገኝበት አንድ ቦታ ይኑር፤ ኮምፒዩተር ላይ ይሁን፣ ካልተቻለ በሥርዓት የተቀመጠ ክላሰር ይሁን። አንድን ሪፖርት ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነውር ይሁንብን።

በሻይ ሰዓት የተወሰነ ነገር የሻይ ወሬ ሆኖ አይቅር። ቡና ላይ ሦስት ሰው የተስማማበት ጉዳይ የሩቆቹን የሚነካ ከሆነ በዚያው ቀን በቡድኑ የቴሌግራም ግሩፕ በሁለት መስመር ይጻፍ፤ የሩቆቹም ሐሳብ እስኪሰማ ድረስ ውሳኔ አይባል። በስብሰባም ስምንቱ በአካል፣ ሁለቱ በስልክ ከሆኑ በስልክ ያሉት ቀድመው ይናገሩ። አጀንዳው ካለቀ በኋላ «እዛ ያላችሁ የምትጨምሩት አለ?» ተብለው የሚጠየቁ ሰዎች የሚጨምሩት ነገር እንደማይኖራቸው ሁላችንም እናውቃለን።

ቋንቋችንንም እንጠብቅ። በዞናችን አዊኛም አማርኛም የሥራ ቋንቋ ሆነው ይኖራሉ። በስብሰባ ላይ ያለው ሰው ሁሉ በሚሰማው ቋንቋ እንነጋገር፤ በስልክ ያለው ባልደረባ ክፍሉ ውስጥ የተሳቀበትን ነገር ሳይረዳ እንዳይቀር። ገበሬው በአዊኛ የተናገረው ቅሬታ ደግሞ ሪፖርት ውስጥ ሲገባ ፍሬው አይጥፋ። ወደ ላይ በተላለፈ ቁጥር የሚለሰልስ ቅሬታ ለማንም አይጠቅምም።

በግሩፕ ላይ ሰው አይወቀስም። ቅር ያለው መጀመሪያ ይደውል። ጽሑፍ ድምፅና ፊት የለውም። ለጋሼ «እሺ» ብሎ ብቻ የመለሰ ወጣት ተሳድቤያለሁ ብሎ አያስብም፤ ጋሼ ግን ቀኑን ሙሉ ሊያብሰለስሉት ይችላሉ። ታላቅን በማክበር ያደግን ሰዎች ስለሆንን በጽሑፍም ሰላምታውን አናስቀር፣ አንቱታውን አናጉድል። በእድሜ የገፉት ባልደረቦቻችንም የወጣቱን አጭር መልእክት በበጎ ይተርጉሙት።

ለቅሶ ይደረስ። የዳንግላ ባልደረባ እናቱ ስታርፍ የእንጅባራው ቡድን ይሂድ፤ መሄድ ያልቻለ ይደውል፣ ገንዘቡን ያዋጣ፣ ሥራውን ይሸፍንለት። በሐዘናችን ላልደረሰልን ሰው በዓመቱ ዕቅድ ላይ ልባችንን አንሰጠውም። ይህን የትኛውም የአስተዳደር መጽሐፍ ባይጽፈውም እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን።

በወር አንድ ጊዜ በአካል እንገናኝ። ሁልጊዜ እንጅባራ አይሁን፤ ወረፋው ይዙር። አዲስ የተቀጠረ ባልደረባ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከነባሮቹ ጎን ሆኖ ይሥራ። ፊቱን አይተነው፣ ቡና አብረን ጠጥተን ከለመድነው በኋላ በስልክ የሚናገረው ሌላ ይሆናል።

ኔትወርክ ሲጠፋ

በ2015 ዓ.ም ማብቂያ በክልላችን፣ በአማራ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለረጅም ወራትም ሳይመለስ ቆየ። መንገዱም አንድ ሳምንት ይከፈት፣ አንድ ሳምንት ይዘጋ ነበር። የርቀት ሥራ ማለት ጥሩ ኢንተርኔት ማለት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ያን ጊዜ አብሮን ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ባየ ነበር። በየቀኑ መመሪያ ሲጠብቁ የኖሩ ክፍሎች ቆሙ። ሥራቸውን አስቀድመው የተከፋፈሉና እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሰዎች ግን በድምፅ ስልክ፣ እሱም ሲጠፋ በመኪና በተላከ ወረቀት እየተገናኙ የቻሉትን ሠሩ። የሚለያቸው የመሣሪያ ብልጫ አልነበረም። አንዱ ወገን «ያለ እኔ አንተ ወስን» ተብሎ ነበር፤ ሌላው አልተባለም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን ከችግሩ በፊት ይስማማ። የቀበሌ ባልደረባ ማንንም ሳይጠይቅ የሚወስነው ምንድን ነው? ደውሎ የሚወስነው ምንድን ነው? መገናኛ እስኪመለስ የሚቆየውስ? ሦስቱ በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ ገጹ በየጤና ኬላውና በየአርሶ አደር ማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። በዚያ ወሰን ውስጥ የወሰነ ሰው ውሳኔው ባይሳካ እንኳ ኃላፊው ከጎኑ ይቁም። ለሰው ሥልጣን ተሰጠ የሚባለው ኃላፊነቱን አብሮት የሚሸከም አለቃ ሲኖረው ነው።

እምነት ዓይን መጨፈን አይደለም

እምነት ሲባል ልቅነት ነው ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ስጋታቸውን አናጣጥልም። የሕዝብ ገንዘብ ኦዲት ይደረግ። የንብረት ርክክብ በሞዴል ቅጽ ይሁን። መድኃኒትና ማዳበሪያ ተቆጥሮ ይውጣ፣ ተቆጥሮ ይግባ። ቃሉን ደጋግሞ ያጠፋ ሰው መጀመሪያ ይጠየቅ፣ ከዚያ ይታገዝ፣ ካልተመለሰ በሕጉ ይስተናገድ። ወንፈሉም ለጋሚን አይታገስም።

የማንቀበለው በሰው ጀርባ ላይ የሚቆም ጥበቃ ነው። ሠራተኛ ቤቱ ሆኖ ካሜራ ከፍቶ እንዲውል፣ የት እንዳለ በስልኩ እንዲጠቆም፣ አሻራው ለምን እንደሚወሰድና የት እንደሚቀመጥ ሳይነገረው እንዲሰጥ ማድረግ ክብርን ይነካል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ያንብቡት። የግል አሠሪዎችም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቤት ውስጥ ስለሚሠራ ሥራ ውል የደነገገውን ያንብቡ። እንጅባራ ሆኖ ለአዲስ አበባ ኩባንያ የሚሠራ ወጣት ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የዳታ ፓኬጁን ማን እንደሚከፍል፣ መብራት በጠፋ ቀን ምን እንደሚደረግ፣ ማታ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚደወልለት በውሉ ላይ ይጻፍ። የራስን ዳታ፣ የራስን ስልክ፣ የራስን ሌሊት ለመሥሪያ ቤት መስጠት ደግነት ተብሎ የሚመሰገንበት ጊዜ ማብቃት አለበት።

በ2028 ዓ.ም የምናየው

በ2028 ዓ.ም ዞናችንን እንዲህ እናየዋለን። የፋግታ ለኮማ የግብርና ባለሙያ ጠዋት ማሳ ላይ ያየችውን የድንች በሽታ ፎቶ አንስታ ትልካለች፤ እንጅባራ ያለው ባለሙያ ከምሳ በፊት ይመልስላታል፤ ምላሹን አዲስ ቅዳምና ትልሊ ያሉትም በዚያው ሰዓት ያዩታል። ለምን ቢሮ አልገባሽም የሚላት የለም። በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሥልጠና የምትሄደው እሷ ናት፤ ምክንያቱ ሥራዋ በሁሉም ፊት ስለሚታይ ነው።

 የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲመረቁ ሻንጣቸውን ይዘው አዲስ አበባ መሄድ ብቸኛ ዕድላቸው አይሆንም። ተራርቆ በቡድን መሥራትን በዩኒቨርሲቲው ይማሩታል፦ ቃል መስጠትን፣ በጽሑፍ መግባባትን፣ ያላዩትን ባልደረባ ማክበርን። ዩኒቨርሲቲውም በዞኑ መሥሪያ ቤቶች የሚደረገውን ሙከራ ያጥናልን፤ የተሳካውንም ያልተሳካውንም ይጻፍልን። ከሻንጋይ የመጣ ጥናት እያነበብን መቆየት አንፈልግም፤ የዳንግላን ጥናት ማንበብ እንፈልጋለን።

የዞኑ አመራርም ዋጋው የሚለካው ስንት ስብሰባ በመራው አይሆንም። እሱ ባልነበረበት ሳምንት ሥራው እንዴት እንደሄደ ይጠየቃል። በጥሩ ሁኔታ ከሄደ ይመሰገናል፤ ዛሬ ግን እንዲህ ያለው ኃላፊ «የማያስፈልግ» ተብሎ የሚፈራ ነው።

መነሻው

ትልቅ በጀት አንጠብቅም፣ አዲስ መዋቅርም አንጠይቅም። በእንጅባራና በዳንግላ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ክፍል፣ የጤናም ይሁን የግብርና፣ የባንክም ይሁን የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ለስድስት ወር ይሞክረው። በእነዚያ ስድስት ወራት የሰዓት ፊርማው ይቅርና የሳምንቱ ቃል ይያዝ። መጀመሪያ ላይ ቃላችን ከአቅማችን በላይ ይሆናል፣ ዓርብ ላይ ያልተፈጸመው ይበዛል። ያኔ ወደ ፊርማው ለመመለስ የሚገፋ ሰው አይጠፋም። ትዕግሥት እንለምናለን፤ ሰው ቃሉን በልኩ መስጠት የሚማረው ሰጥቶ ሲጎድልበት ነው።

ሰኞ ጠዋት እያንዳንዱ ቡድን ያቺን የአንድ ገጽ ስምምነት ይጻፍ፦ የሳምንቱ ቃል የት እንደሚለጠፍ፣ ማን ምን ብቻውን እንደሚወስን፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ማን ለማን እንደሚደውል። ረቂቁን ቀበሌ ያሉት ያዘጋጁት፣ ወረዳው ያርመው፣ ዞኑ ያጽድቀው። የመጀመሪያው የጋራ ስብሰባ ዳንግላ ይሁን፤ ከጃዊና ከዚገም ለሚመጡት የትራንስፖርቱን ወጪ እንጅባራ ያለው መምሪያ ይሸፍን።